ሦስት ደረጃ ወደ ታች

ታላቅ ወንድሜን ጋሼን፣ ከመውደቁ በፊት ደንበኞቻችን «ሬዲዮ» ነበር የሚሉት። መስታወት ሲቆርጥ ያወራል፣ ሲለካ ያወራል፣ ሚስማር በከንፈሩ ይዞ እንኳ ያወራል። እኔ ደግሞ በቀን ከሃያ ቃል በላይ ካወጣሁ ያመመኝ ይመስላቸዋል። አሥራ አንድ ዓመት በአንድ ሱቅ መስታወት ስንቆርጥና ስንገጥም የኖርነው፣ እሱ ለሁለታችንም እያወራ፣ እኔ ለሁለታችንም ዝም እያልኩ ነው።

ዝምታዬ የማይፈቀድበት አንድ ጊዜ ብቻ ነበር። ትልቅ መስታወት ለሁለት ሲያዝ አንዱ ፊቱን ወደ መንገዱ አድርጎ፣ ሌላው ጀርባውን ሰጥቶ ነው የሚሄደው። ጀርባውን የሰጠው ምንም አያይም። ስለዚህ የሚያየው ይናገራል፤ «ግራ፣ ቀኝ፣ ደፍ፣ ደረጃ»። ዝም ካለ መንገዱ ደህና ነው ማለት ነው። ሕጉ ይኸው ነው፤ ያወጣውም ጋሼ ራሱ ነው።

ጋሼ የወደቀ ቀን ጠዋት አንድ መስታወት ሁለት ጣት አሳጥሬ ቆረጥኩ። ጋሼ ሱቁ ሙሉ ሰው እያለ «ምንም አይደል፣ ወንድሜ ሜትር የሚያነበው በእምነት ነው» አለ። ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ደሜ ፈላ። ቀኑን ሙሉ ላላናግረው ለራሴ ማልኩ።

ከሰዓት በኋላ የአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት መስኮት ልንገጥም ሄድን። ኮሪደሩ አልቆ ወደ ንባብ ክፍሉ ሦስት ደረጃ ይወረዳል። ጋሼ ጀርባውን ሰጥቶ፣ እኔ መንገዱን እያየሁ፣ መስታወቱን ይዘን ገባን። ደረጃውን አየሁት። ምን ያስዋሸኛል፣ በደንብ አየሁት። ትንሽ ይደናቀፍና ይደንግጥ፣ አፉን ለአንድ አፍታ ይዝጋ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ሌላ አላሰብኩም። ጭንቅላቱ ከሲሚንቶው ጠርዝ ጋር ሲጋጭ የሰማሁት ድምፅ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ። መስታወቱ ደረቴ ላይ ቀረ፤ ጭረት እንኳ አልነካውም።

ለጠየቀኝ ሁሉ «አዳለጠው» አልኩ። ማንም አልተጠራጠረም።

ጋሼ በሦስተኛው ሳምንት ከሆስፒታል ወጣ። እጁም እግሩም ደህና ነው፤ የሚሉትን ይሰማል፣ የሚያስቅ ሲሰማ ይስቃል። ቃል ግን የለውም። ውሃ ሲፈልግ «ይሄ ነገር»፣ ሸሚዙን ሲፈልግ «ይሄ ነገር»፣ እናታችንን ሲጠራም «ይሄ ነገር»። አልወጣ ሲለው ጠረጴዛውን በቡጢ ይመታና ያለቅሳል። እማዬም ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ አብራው ታለቅሳለች።

በሳምንት ሁለቴ ወደ አንዲት የንግግር ሐኪም የምወስደው እኔ ነኝ። ሥዕል ታሳየዋለች፤ ቁልፍ፣ ወንበር፣ ውሻ። ጋሼ ያየዋል፣ ምን እንደሆነ ያውቀዋል፣ ላብ በላብ ይሆናል፣ «ይሄ... ይሄ...» ብሎ ይቀራል። እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ ቃሉን በልቤ እልለታለሁ። ቃል ሊያወጣ አፉን በከፈተ ቁጥር ግን ልቤ ቀጥ ይላል። ዝም ማለቴን ከእኔ ሌላ የሚያውቅ እሱ ብቻ ነዋ። ባይድን ይሻለኛል ብዬ ያሰብኩበት ቀን አለ። አንድ ቀን ብቻም አይደለም።

በአራተኛው ወር ሐኪሟ «ቃሎቹ አልጠፉም፤ ወደ አፉ የሚያደርሳቸው መንገድ ነው የተበላሸው» አለችኝ። «አንዳንዴ በሥራ ላይ የለመዱት ቃል ቀድሞ ይመጣል። እስቲ ወደ ሥራው ይውሰዱት።»

እማዬ ይህን ከሰማች በኋላ መቀመጫ አሳጣችኝ። ሱቁን ዘግቼ ስለከረምኩ ሌላው ሥራ ሁሉ ወደ ሌሎች ሄዷል። የቀረን ያ የቤተ መጻሕፍቱ መስኮት ብቻ ነበር፤ እስከዚያ ቀን በፕላስቲክ ተሸፍኖ ይጠብቀን ነበር።

መስታወቱን ከመኪናው ስናወርድ እንደ ድሮው ጀርባ የሚሰጥበትን ቦታ ለጋሼ ተውኩለት። ራሱን ነቀነቀ። ዞሮ መጣና ትከሻዬን ይዞ ወደዚያ ገፋ አደረገኝ። መንገዱ የሚታይበት ቦታ ላይ እሱ ቆመ።

«ጋሼ፣ አንተ እኮ...» ብዬ አቆምኩ። አትናገርም አይባል ነገር።

የትምህርት ቤቱ ዘበኛ «ተወው እንጂ፣ ሥራው አይደል?» አለኝ።

ወደ ኋላ መሄድ ጀመርኩ። ኮሪደሩ ስንት እርምጃ እንደሆነ አላውቅም። በመሃላችን ባለው መስታወት ውስጥ የጋሼ ፊት ይታየኛል፤ ዓይኑ ከትከሻዬ አልፎ ከኋላዬ ያለውን ያያል። ዞር ብዬ ማየት እችል ነበር። የእጄን ላግኝ ብዬ ተውኩት።

ከንፈሩ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የአንገቱ ሥር ተገተረ። «ይሄ...» አለ። እግሬን አነሳሁ። «ይሄ... ደ... ደ...» ላቡ በግንባሩ ይወርዳል።

«ደረጃ» አለ።

ቆምኩ። ተረከዜ ባዶ ቦታ ላይ ነበር።

ዘበኛው እያጨበጨበ «ተናገረ እኮ! ሰማኸው?» አለ። ጋሼ በመስታወቱ ውስጥ እያየኝ ነበር። ፊቱ ላይ ቁጣ የለም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ለእማዬ ደውዬ ነግሬያት ስለነበር በር ላይ ቆማ ጠበቀችን። ግንባሩን፣ ጉንጩን፣ እጁን እያገላበጠች ሳመችው። «በል እስቲ ድገምልኝ፣ የኔ ጌታ» አለችው። አቀረቀረ። ወደ እኔ ዞረች።

«ግን ምነው ደረጃ? ስንት ቃል እያለ፣ እኔን እናቱን ሳይጠራ፣ ደረጃ?»

ጋሼ ቀና ብሎ አየኝ። አልቸኮለም። ሐኪሟ ሥዕሉን ይዛ እሱን እንደምትጠብቀው እኔን ጠበቀኝ። የምናገረውን አውቀዋለሁ፤ አፌም ምንም አልሆነም።

«የሥራ ቃል ነው፣ እማዬ» አልኳት። «ከልምድ ነው።»

ጋሼ ዓይኑን ከእኔ ላይ አነሳና ወደ መኝታ ቤቱ ገባ።

ይህ ከሆነ ስምንት ወር አለፈ። አሁን እማዬን «እማዬ» ይላታል፤ ውሃ ይላል፣ ቁልፍ ይላል፣ በቀደም ለታ አንድ ደንበኛ አስቋል። ቃል የሌለው ለእኔ ብቻ ነው። መስታወት ስንይዝ ጀርባ የምሰጠው እኔ ነኝ። ደረጃ ላይ ስንደርስ ጋሼ መስታወቱን በጣቱ ሁለቴ ያንኳኳል፤ እኔም እቆማለሁ።