ቀስ ብሎ የሚወርድ ውሃ

«ዛሬም አልወረደም» አለች ኔሬይዳ፣ የዕቃ ማጠቢያ ማሽኑን በር ከፍታ እንዳጎነበሰች። ከታች አመድማ ውሃ ተኝቷል። የሩዝ ፍሬና የቅባት ነጠብጣብ ይንሳፈፍበታል።

ባሏ ዋልዴማር ከተቀበረ አምስተኛ ቀኑ ነው። ዘጠኙ ቀን እስኪሞላ የሰፈሩ ሰው አመሻሽ ላይ እየመጣ መቁጠሪያ ይደግማል። ከጸሎቱ በኋላ ትኩስ ቸኮላታ፣ ብስኩትና አይብ ይቀርባል። የትናንቱ ስኒ ሁሉ እንዳደፈ ማሽኑ ውስጥ ነው፤ የዛሬው እንግዳ ደግሞ አንድ ሰዓት ያህል ነው የቀረው።

ጎረቤቷ ዶኛ ፕሮቪ እጅጌያቸውን ሰብስበው ሲንኩ ጋ ቆመዋል። «ተይው ልጄ፣ በእጃችን እናጥበዋለን። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ በእጄ ነው ያጠብኩት። በኔ ስኒ ጠጥቶ የሞተ የለም» አሉ። ወዲያው የገዛ ቃላቸው አስደነገጣቸውና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ኔሬይዳ አልተቀየመችም። ሐሳቧ ሌላ ቦታ ነበር።

ዋልዴማር ከሠላሳ ዓመት በላይ የካቦ ሮሆ ከተማን ማሽን ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። ማቀዝቀዣ ይሁን የልብስ ማጠቢያ፣ ጆሮውን ጠጋ አድርጎ ጥቂት ካዳመጠ ሕመሙን ይናገራል። የገዛ ቤቱ ማሽን ግን ካለፈው የገና በዓል ጀምሮ ውሃው አልወርድ ብሎ ነበር። መጀመሪያ አንድ ሰዓት ይፈጅ ነበር፤ ኋላ ኋላ ቢያድርም አይደርቅም ነበር። በነገረችው ቁጥር መልሱ «ነገ» ነው። በሞተበት ቀን ጠዋት ትዕግሥቷ አለቀ።

«ለሰው ቤት ትሮጣለህ፣ ለኔ ሁለት ደቂቃ የለህም። ሰነፍ» አለችው።

ባርኔጣውን ደፍቶ ወጣ። ከቀትር በፊት ልቡ ቆመ።

ታናሽ ወንድሙ ኤላዲዮ የመሣሪያ ሣጥኑን ይዞ ገባ። ከዋልዴማር ጋር ነበር የሚሠራው። የጠሩት ዶኛ ፕሮቪ ናቸው። እሳቸው ሁለቱን ትተው በረንዳው ላይ ወንበር ሊደረድሩ ወጡ።

ኤላዲዮ መብራቱን ከቆጣሪው አጠፋ። ውሃውን በኩባያ እየቀዳ አወጣና ማጣሪያውን ነቀለ። ንጹሕ ነው።

«ማን አጠበው?»

«እኔ። በየሳምንቱ።»

ጣቱን ወደ ፓምፑ ቀዳዳ ሰደደ፤ አጥንትም የስኒ ስባሪም የለም። መብራቱን መልሶ አብርቶ ጥቂት አስነሳው። «ሞተሩ ደህና ነው። ይገፋል፣ መውጫ ነው ያጣው» አለና መልሶ አጠፋው። ከዚያ የሲንኩን ካቢኔ ከፍቶ በጀርባው ተኛ፤ ባትሪ አበራ።

«ምን አየህ?» አለች ኔሬይዳ።

ባትሪውን ወደ ቱቦው አዞረላት። ተንበርክካ አየች። የማሽኑ የውሃ መውጫ ጎማ ከሲንኩ ቱቦ ጋር በሚገናኝበት ቦታ የብረት ማሰሪያ አለ። የማሰሪያው ብሎን አናት ተፍቆ ልሙጥ ሆኗል። ቱቦው ላይ፣ ጎማው ላይ፣ የካቢኔው እንጨት ላይ ካቻቢቴ እያዳለጠው የጫረው ጭረት ነው። ግማሹ የቆየ፣ ግማሹ ገና ነጭ።

«የትኛው ጀማሪ ነው እንዲህ ያበላሸው?» አለች።

«ዋልዴማር ነው።»

ኤላዲዮ ወጥቶ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። «እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ኔሬ። ካቻቢቴው አይቆምለትም። ሰው ቤት ስንሄድ እሱ ብልሽቱን ያገኛል፣ እኔ እፈታለሁ። ለባለቤቶቹ ‹ወንድሜን እያሠለጠንኩት ነው› ይላቸዋል። ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው። ምኑን ነው የሚያሠለጥነኝ?»

ዋልዴማር ቡናውን በሁለት እጁ አቅፎ ሲጠጣ ለኔሬይዳ ታያት። ቁልፍ ያለው ሸሚዝ መልበስ ትቶ በካናቴራ ይወጣ ነበር። ‹ጎረምሳ ልትሆን ነው?› ብላ ቀልዳበታለች።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አስምሎኛላ። ‹ካወቀች መኪናዬን ትወስድብኛለች፣ ከዚያ ወንበር ላይ ነው የምታስቀምጠኝ› አለኝ።»

«ይሄንንስ አንተ እንድትሠራው ለምን አልጠራህም?»

«ያንቺን ማሽን ራሱ ሊሠራው ፈልጎ ይሆናላ። አንቺ ገበያ ስትወጪ እየገባ ሲሞክር ኖሯል። እኔም አሁን ነው ያወቅኩት።»

ኔሬይዳ መሐረቧን አፏ ላይ ያዘች። «ሰነፍ አልኩት፣ ኤላዲዮ። በዚያው ጠዋት።»

«ነግሮኛል።»

«ምን አለ?»

ኤላዲዮ ፒንሳውን ከሣጥኑ አወጣ። «‹ዛሬ ተቆጥታለች› አለ። እጀታው ወፈር ያለ ካቻቢቴ ልንገዛ እየሄድን ነበር። ‹በሱ ይፈታልኛል› አለኝ። አልሳቀም፣ ልዋሽሽ አልፈልግም። ግን አልተቀየመሽም።»

ከዚያ ማሰሪያውን በፒንሳ ቆርጦ ጎማውን ነቀለ። የቱቦው አፍ በረጋ ቅባትና በሩዝ ሊደፈን ጥቂት ቀርቶታል። በሽቦ ጠራረገው። ጎማውን መልሶ አዲስ ማሰሪያ አስገባ።

«ስጠኝ» አለች። ካቻቢቴውን ተቀብላ፣ ጭረቶቹ መሃል እጇን አስገብታ፣ ብሎኑን እስኪጠብቅ አዞረችው።

ማሽኑን አስነሱት። ውሃው ሲንኩ ሥር በኃይል እየተንዶለዶለ ወረደ። በረንዳው ላይ የመጀመሪያዎቹ ጸሎተኞች መጥተው ዶኛ ፕሮቪን ሰላም ይላሉ።

ኤላዲዮ ቅባት የነካ እጁን የሚጠርግበት ፈለገ። ኔሬይዳ እጁን ሳበችና በሽርጧ ጣት በጣት ታደርቀው ጀመር። ስትጨርስም አልለቀቀችውም። የኤላዲዮ እጅ አይንቀጠቀጥም ነበር። እሷ ግን እንደሚንቀጠቀጥ እጅ በሁለት እጇ ደግፋ ያዘችው።