የስምንት ሰው ጀልባ

ደሴቲቱ ወደብ የላትም፤ ዙሪያዋ ድንጋይ ነው። ጀልባ ውሃ ላይ ካደረ ማዕበሉ ከድንጋይ ጋር አላትሞ ይሰባብረዋል። ስለዚህ ከዓሣ በተመለሰ ቁጥር በገመድ ስቦ ዳገቱ ላይ ማውጣት ግድ ነው። ለዚህ ስምንት ሰው ያስፈልጋል። አንድ ከጎደለ አይሆንም።

ድሮ፣ ሠላሳ ቤት ሳለ፣ ወንዶቹ ገመዱን ለመያዝ ይጋፉ ነበር። ሴት ከነካችውማ ዓሣው ይሸሻል ይባል ነበር። ኋላ አንዱ ለሥራ፣ አንዱ ለሕክምና እያለ ሄደ፤ የሄደም አልተመለሰ። አምስት ቤት ቀረ፤ ገመድ የሚስብም ልክ ስምንት ሰው። ስምንተኛው የመረብ ጠጋኟ ልጅ ነበር።

መረብ ጠጋኟ ባሏን ባሕር የበላባት ሴት ናት። አንዴ እንቢ ካለች እንቢ ነው። ልጇ ሁለት ጊዜ "ልሂድ" ብሏት፣ ሁለቴም "ቀብረኸኝ ሂድ" ብላ አስቀርታዋለች። ባለፈው ክረምት ግን የልጇ ሕፃን ታመመ። ማዕበሉ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ወደ ሐኪም አላስወጣ አለ። በአሥረኛው ቀን ባሕሩ ጸጥ ሲል፣ ሕፃኑም ጸጥ ብሎ ነበር።

አሁን ምራቷ እንደገና ነፍሰ ጡር ናት።

"እማ፣" አላት ልጇ መረቡን እያቀበላት፣ "የዕቃ መርከቧ ሐሙስ ትመጣለች።"

መርፌዋን ሳታቆም "ሂድ" አለችው።

"ጀልባዋስ?"

"ጀልባዋን አንተ ነህ የወለድካት? ሂድ አልኩህ!"

ሚስቱን ይዞ ሄደ። የመረብ ጠጋኟ የሟች ባሏ ወንድም፣ በጩኸቱ ነጎድጓድ የሚሉት የጀልባዋ አዛዥ፣ ሌሎቹን አስከትሎ ደጇ ላይ ቆመ።

"ልጅሽን ሸኝተሽ እኛን ቀበርሽን እኮ!"

"ስምንተኛዋ እኔ ነኝ።"

"አንቺ? ዓሣው እንዲሸሽ ነው?"

"አንተ እንዲህ እየጮህክ ያልሸሸ፣ እኔን ፈርቶ ይሸሻል?"

ሰዎቹ ሳይወዱ ሳቁ።

ቅዳሜ ጀልባዋ ዓሣ ጠግባ ገባች። ሴትዮዋ ገመዱን ትከሻዋ ላይ ጥላ ሳበች። ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል፤ የስምንት ሰው ጀልባ ግን ለሰባት ተኩል ሰው መከራ ነው።

"በርቺ፣ የወንድሜ ሚስት! በርቺ!"

ዳገቱን አጋምሰው ነበር። እግሯን እርጥብ ድንጋይ አዳለጣት። ገመዱ መዳፏን ልጦ አመለጠ፤ ከሰባቱም እጅ ወጣ። ጀልባዋ ወደ ኋላ ተንሸራታ ድንጋዩ ላይ ስታርፍ፣ ጎኗ እንደ አጥንት ሲሰበር ተሰማ።

አሁን ነጎድጓድ ይጮህብኛል ብላ ጠበቀች። አልጮኸም። መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ጫማውን ሲያወልቅ አየችው። ያ ባሰባት።

ከወር በኋላ የዕቃ መርከቧ አምስቱንም ቤት ጭና ሄደች። ሰዎቹ ከመሳፈራቸው በፊት ዶሮዎቹን አረዱ፤ የሚገባ ሰው ባይኖርም በሮቹን ቆለፉ።

ከተማ፣ ልጇ በተከራያት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀመጣት። ነጎድጓድም ከጎኗ ተቀመጠ።

"ጀልባዋ ምን ሆነች፣ እማ? እኔ ስለሄድኩ ነው አይደል?"

"አረጀች" አለችው። "እንጨት አይደለች እንዴ? አረጀች።"

ነጎድጓድ ቀና ብሎ አያት። ቀጥሎ ወደ ወንድሙ ልጅ ዞረ።

"አዎ" አለ። "የሁላችንም ታላቅ ነበረች።"