ነጭ ሆኖ የወጣው ዓይን

ፎቶ አንሺዋ ለሙከራ ብላ የከፈተችው የታላቅ ወንድሟን ፎቶ ነበር። የኮምፒውተር ባለሙያው ጠዋት አዲስ የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ጭኖላት ሄዷል። እሷ ደግሞ አዲስ ነገር ቶሎ አይዋጥላትም፤ እንከን ለማግኘት ቸኩላ ነበር። አላጣችውም። የወንድሟ የዓይኑ ነጭ ክፍል ቢጫ ሆኖ ወጣ።

«ይኸው! አላልኩም?» አለች ለብቻዋ፣ ደስ እንዳላት ሁሉ። ያንኑ ፎቶ በአሮጌው ፕሮግራም ከፈተችው። ዓይኑ ነጭ፣ ፊቱ ወዝ ያለው። ባለፈው ሳምንት የላከችለት ይኸኛውን ነው። ተመልሳ አዲሱን አየች፤ ቢጫ። ደስታዋ የት እንደገባ እንጃ።

አባታቸውን የወሰዳቸው የወፍ በሽታ ነበር። ያኔ ዓይናቸው ቢጫ ሲሆን ቤተሰቡ በሙሉ «እንቅልፍ አጥተው ነው» እያለ ከረመ፤ ሐኪም ዘንድ ሲደርሱ ጉበታቸው አልቆ ነበር። እሷ ያን ቢጫ ታውቀዋለች።

ባለሙያው ጋ ደወለች።

«የትኛው ነው የሚዋሸኝ?»

«ማንም አልዋሸሽም» አላት። «ጥሬው ፋይል እኮ ገና ፎቶ አይደለም። ካሜራው የመዘገበው የገባውን ብርሃን ብቻ ነው። ቀለሙን የሚያበስለው ፕሮግራሙ ነው፤ አበሳሰሉ ደግሞ ይለያያል። አሮጌው ፕሮግራም ሰው ማሳመር ይወዳል፤ ቢጫ ሲያይ ይቀንሳል።»

«እና የቱ ነው እውነቱ?»

«ደንበኛሽ የወደደው ነዋ!» ብሎ ሳቀ።

ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋችበት። ሰው እሳት ላይ ተጥዶ እሱ ይቀልዳል!

ምናልባት የመብራቱ ጥፋት ይሆናል ብላ ራሷን አጽናናች። ወንድሟን ባነሳችበት ቀን አንዲት መምህርትም እዚያው ወንበር ላይ፣ በዚያው መብራት አንስታ ነበር። የሷን ጥሬ ፋይል በአዲሱ ፕሮግራም ከፈተች። «ቢጫ ይሁን፣ ቢጫ ይሁን» አለች፤ የሰው ዓይን ቢጫ እንዲሆን ስትለምን በዕድሜዋ የመጀመሪያዋ ነው። የመምህርቷ ዓይን ግን ነጭ ወጣ። እዚያው ቢጫው ፎቶ ላይ የወንድሟን የሸሚዝ ኮሌታ አየች፤ እሱም ነጭ ነው። ሰበብ አለቀባት።

ወንድሟ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ስትደውልለት ሞተሩ ሲጮህ ይሰማታል።

«ጋሼ፣ ፎቶህ ተበላሽቷል። አሁኑኑ ና።»

«ምኑ ተበላሸ? ደርሶኝ የለ እንዴ?»

«ጥሬው ነው የተበላሸው።»

«ጥሬ ከሆነ ቆልተሽ ብዪው! እኔ ጭነት ይዤ ልወጣ ነው።»

«ሳትመጣ ከወጣህ እህት የለኝም በል።»

መጣ፤ እያጉረመረመም ቢሆን መጣ። ጥቁር መነጽሩን እንዳደረገ ነው። ፀሐይ ይወጋኛል እያለ ቤት ውስጥ እንኳ አያወልቀውም፤ ቤተሰቡም «ፊልም ተዋናዩ» እያለ ይቀልድበታል። ፎቶ ስታነሳው ለአፍታ አውልቆት ነበር፤ እሷ ግን ያን ጊዜ ትኩረቷ ካሜራው ላይ ነበር። አሁን እጁን ይዛ መስኮቱ ጋ አቆመችውና መነጽሩን ራሷ አወለቀችለት።

«ካሜራሽስ?» አላት።

በአውራ ጣቷ የዓይኑን የታች ቆብ ዝቅ አደረገች። የጠራ የቀን ብርሃን ነው፤ ፕሮግራም የለ፣ የሚያሳምር የለ። ቢጫ ነው። እንባዋ መጣባት።

ወንድሟ ማጉረምረሙን ተወ።

«አየሽው?» አላት ቀስ ብሎ።

«ታውቅ ነበር እንዴ?»

«መስታወት ላይ ሳየው ከራርሟል። የአባባ ነገር ትዝ እያለኝ እንቅልፍ አጣሁ። ሐኪም ቤት ቀጠሮም ይዤ ነበር። ከዚያ ያንቺ ፎቶ ደረሰኝ።» ስልኩን አውጥቶ ፎቶውን ከፈተ፤ ዓይኑ ላይ አጉልቶ አሳያት። ጣቱ መንገዱን ለምዶታል፤ ስንት ጊዜ እንዲህ እያጎላ እንዳየው ያስታውቃል። «ይኸው፣ ነጭ ነው። መስታወቴ ነው የቆሸሸው አልኩ። የእህቴ ካሜራ አይዋሸኝም ብዬ ቀጠሮውን ተውኩት።»

ደንበኛ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ዘጭ አለች። ያን ፎቶ ስትልክለት «እንዴት አምሮብሃል!» ብላ ጽፋለት ነበር። ተነሳች፤ ቦርሳዋን አንጠለጠለች፤ መዳፏንም ዘረጋችለት።

«የመኪናውን ቁልፍ አምጣ።»

«ጭነቱስ?»

«ይቀመጣ!»

ቁልፉን ሰጣት። በሩ ላይ ሲደርሱ እንደ ልማዱ መነጽሩን ሊያደርግ ሲል ከእጁ ነጠቀችው።

«እንዲሁ ሂድ» አለችው። «ሐኪሙ ጥሬውን ይየው።»

ይህን ጊዜ «ቆልተሽ ብዪው» ብሎ አልቀለደባትም። ዓይኑን ጨፍኖ ወደ ፀሐዩ ወጣ፤ እሷም ክንዱን ይዛ መራችው።