ጣቃ ማውረድ

እንዳላማው ሲጋራ አያጨስም። ክብሪት ግን ከኪሱ አይለይም። ምክንያቱ የዶርም ጓደኛው ሚንሃጅ ነው። ሚንሃጅ ድንገት ልቡ መደለቅ ይጀምራል፤ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ በላብ ተጠምቆ «አሁን ሞትኩ» ይላል። የሮብ ገበያ ከተማ ልጁ እንዳላማው ደግሞ አፍንጫ ስር ክብሪት ጭሮ ከማሽተት ሌላ መድኃኒት አያውቅም። ሚንሃጅ አንድም ቀን ራሱን ስቶ አያውቅም። ይህን ሲነግረው «እሱማ ክብሪት ስለማሸትህ ነው» ይላል። እንዲህ ካለ ሰው ጋር ክርክር የለም።

ሚንሃጅ ለእናቱ ለኡሙልኸይር ቁይ ከተማ ደውሎ «ጭንቀት ይዞኛል» ቢላቸው፣ «ያልተጨነቀ ማን አለ ልጄ? ሽንኩርቱስ መች ይቀመሳል?» አሉት። ስልኩን ዘጋ።

ባለፈው ወር የመመረቂያ ጥናቱን ሊያቀርብ መድረክ ላይ ወጣ። «እንደምን አደራችሁ» አለ። ቀጥሎ የሚለው ጠፋው፤ ሮጦ ወጣ። ጥናቱ የቁይ ነጋዴ ደንበኛን እንዴት እንደሚያናግር የሚያስረዳ ነበር። መምህር ገዳሙ ሌላ ቀን ሰጡትና «ያኔም ካቃተህ ከጓደኞችህ ጋር አትመረቅም» አሉት። ሰውየው ክፉ ሆነው አይደለም፤ ደንቡ ነው።

ከምረቃው ይልቅ የከበደው ግን የአባቱ ነገር ነበር። አብዱልቃኒ ቁይ ላይ ጨርቅ ይሸጣሉ። እሳቸውን እንኳን ሰው ፊት መናገር፣ ዝም ማለት ነው የሚያቅታቸው። በገበያ ቀን ከሦስት ገዢ ጋር ባንዴ ይከራከራሉ፤ ሦስቱንም ይረታሉ። አንዳንዴ ብቻ፣ ሱቁ በሰው ጢም ሲል፣ «ጣቃ ላውርድ» ብለው ጥቅል ጨርቅ የሚቀመጥበት ጓዳ ይገባሉ። ቆይተው ይወጣሉ። ጣቃ ይዘው ሲወጡ ያየ የለም፤ ነገሬ ያለውም የለም። ሚንሃጅ ከእኚህ ሰው አብራክ እንዴት እንደወጣ አይገባውም ነበር። በራሱ ያፍር ነበር፤ ክፉኛ።

የግቢው ክሊኒክ ነርስ፣ ሲስተር ጤናዬ፣ መርምረው «ልብህ ደህና ነው» አሉት። «ይመጣል፣ ይሄዳል፤ አትሞትም። ሲመጣብህ አትሩጥ። እግርህን መሬት ላይ ደልድል፤ ትንፋሽህን ቀስ ብለህ አውጣ፤ ዓይንህ ያረፈበትን ነገር ስም ጥራ።» ሚንሃጅ መርፌ ጠብቆ ስለነበር ቅር አለው። ቢሆንም ተለማመደ። ምግብ ቤት ሰልፍ ላይ «ትሪ፣ ጭልፋ፣ በርሜል» ሲል የሰሙት ልጆች ፈንጠር ብለው ይቆሙ ጀመር።

የቀጠሮው ቀን በሰው ጢም ያለው አዳራሽ ቢገባ አባቱ የኋላው ወንበር ላይ ቁጭ ብለዋል። እንዳላማው ነው የጠራቸው፤ «አባቱ ካለ አይፈራም» ብሎ። የወዳጅ ጥፋት እንዲህ ነው። አብዱልቃኒ በገበያ ቀን ሱቅ ዘግተው መጡ።

ሚንሃጅ መድረክ ላይ ወጣ። «እንደምን አደራችሁ» አለ። ልቡ መደለቅ ጀመረ፤ ዓይኑ በሩን ፈለገ። ሊሮጥ ሲል ከኋላ የወንበር ኳኳታ ተሰማ። አባቱ ደረታቸውን ይዘው ጎንበስ ብለዋል፤ ፊታቸው አመድ መስሎ እንደሚሞት ሰው ሸሃዳ ይላሉ። መምህር ገዳሙ «ውሃ፣ ውሃ» አሉ። እንዳላማው ሲጠብቀው የኖረው ሰዓት ደርሶለት ክብሪቱን ጫረ።

ሚንሃጅ ከመድረኩ ወርዶ «አጥፋው» አለ። አባቱ ፊት ቁጢጥ አለ።

«አባ፣ እግርዎን መሬት ላይ ያድርጉ።»

«ልሞት ነው።»

«አይሞቱም። እኔ ስንት ጊዜ ሞቻለሁ። ትንፋሽዎን ቀስ ብለው ያውጡት። ምን ይታይዎታል?»

«ሰሌዳ።»

«ሌላስ?»

«ክብሪት የያዘ ጅል።»

«ሌላስ?»

«አንተ» አሉ አብዱልቃኒ።

ፊታቸው ቀስ እያለ ተመለሰ። ሚንሃጅ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አባ፣ ጣቃ ላውርድ የሚሉት ይህ ነው?» አላቸው።

አባቱ መምህራኑን ሰረቅ አድርገው አዩ። «ይኸው ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«አንተ ሳትወለድ። ምን ተብሎ ለማን ይነገራል?»

ሚንሃጅ ልቅሶ መጣበት። ብቻውን አለመሆኑ ደስ አለው፤ ባባቱ ሕመም ደስ ስላለው ደግሞ አዘነ። «ሂድ፤ ሰው አታስጠብቅ» አሉት አባቱ።

ተመልሶ ወጣ። ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እየተንቀጠቀጠ ጨረሰ። በመጨረሻ መምህር ገዳሙ «ደንበኛ ሲበዛበት ነጋዴው ምን ያደርጋል?» ብለው ጠየቁት። ሚንሃጅ ወደ ኋላ ወንበር አየና «ጥናቱ እዚያ ድረስ አልሄደም» አለ። ትንሽ ነጥብ ተቀነሰበት፤ አለፈ። አባቱን በቀጥታ ወደ ክሊኒክ ወሰዳቸው። የሳቸውም ልብ ደህና ነበር።

ከምረቃው በኋላ፣ አንድ የገበያ ቀን፣ የቁይ ሱቅ በሰው ጢም አለ። አብዱልቃኒ ሲለኩት የነበረውን ጨርቅ አስቀመጡና «ጣቃ ላውርድ» አሉ። ሚንሃጅ «ላግዝዎት» ብሎ ተከተላቸው። ኡሙልኸይር ገዢዎቹን በወሬ ያዙ። አባትና ልጅ ጥቂት ቆዩና ሁለቱም ባዶ እጃቸውን ወጡ።