የሽታው ባለቤት

ሽታው መጀመሪያ አፍንጫዋ የገባው አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። በአንድ እጇ መወልወያውን ትጨምቃለች፣ በሌላው የትንሹን ልጅ ጫማ ከሶፋ ሥር ትጎረጉራለች፣ በዚያ ላይ የጣደችው ወተት ሊገነፍል ምንም አልቀረውም። ቀና ብላ አየሩን ሳብ አደረገችና ፊቷን አጨማደደች።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ምኑ?» አለ ባሏ ከመኝታ ቤት፣ የካልሲውን አንድ እግር አጥቶ።

«የሚሸተው ነዋ!»

«እኔን ምንም አልሸተተኝም።»

እሱማ ምን ይሸተዋል! የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ከጠዋት እስከ ማታ ናፍጣ ሲምግ ይውላል። እሷ ግን አፍንጫዋ መተዳደሪያዋ ነው። ላውንደሪ ቤት ልብስ ተቀባይ ናት። ደንበኛው ኮቱን ባንኮኒው ላይ ሳያሳርፍ፣ ይሄ ዘይት ነው፣ ይሄ ላብ ነው፣ ይሄ የሕፃን ትውከት ነው ብላ ትለያለች። የሥራ ባልደረቦቿ «አፍንጫ» ይሏታል፤ እሷም ስሙን አትጠላውም።

ቤቱ ተጀምሮ ያላለቀ ነገር የሞላበት ነው። የመታጠቢያ ቤቱ በር እጀታ ከወለቀ ዓመት ሊደፍን ነው፤ ገብቶ በሩን የሚዘጋ ሰው ለመውጫው ካቻቪቴ ይዞ መግባት አለበት። ከመኝታ ቤቱ መስኮቶች አንዱ መስታወት ሳይሆን ካርቶን ነው። ኮሪደሩ ግማሹ ቢጫ፣ ግማሹ ነጭ ነው፤ ባሏ ሲቀባ ውሎ «እራት ቀርቧል» ሲባል ብሩሹን ያሳረፈበት መስመር ዛሬም እንደ ድንበር ተሰምሮ ይታያል። ሰውየውን ሰነፍ ማለት አይቻልም። መጀመርማ ማን ብሎት! ብቻ የሁሉም ነገር መጨረሻው «ነገ» ነው። በሆዷ «አቶ ነገ» ትለዋለች፤ ስትናደድ ደግሞ በአፏም።

ያን ቀን ፍሪጁን ገልብጣ አጠበች። የቆሻሻ ባልዲውን ፈትጋ ፀሐይ ላይ ደፋችው። የትንሹን ልጅ ፍራሽ አሸተተች፤ ዘጠኝ ዓመት የሆናት ትልቋ ልጅ የትምህርት ቤት ቦርሳዋን ስታስፈትሽ፣ ከሥሩ እንደ ድንጋይ የደረቀ የብርቱካን ልጣጭ ወጣ። እሱም አልነበረም። ሽታው ዝም ብሎ ሽታ ብቻ አይደለም፤ ጣፈጥ ይላል፣ ከረፍ ይላል፣ ምላስ ላይ ይቀመጣል። ውሃ ስትጠጣ ውሃው ውስጥ አለ። እሁድ ጠዋት ዳቦ ቆርሳ ወደ አፏ ስታስጠጋ እጅ እጅ አላትና መልሳ አስቀመጠችው።

ሰኞ ከሥራ ስትመለስ በሩ ላይ ቆመች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ በአፍንጫዋ እየተመራች ሳሎኑን ቀስ ብላ ዞረች። ሽታው የሚበረታው ከኩሽናው ጋር በሚዋሰነው ግድግዳ በኩል ነው። ዓይኗን ስትገልጥ ከፊቷ ያለው ተዘርግቶ አልጋ የሚሆነው ሶፋ ነው። ሶፋው ላይ አማቷ ተቀምጠዋል።

ሽማግሌው ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ከልጃቸው ዘንድ ከገቡ ሰባት ወር ሆኗቸዋል። ሠላሳ አንድ ዓመት ቆዳ ፋብሪካ፣ ያውም ጥሬ ቆዳ በሚዘፈዘፍበት ክፍል ነው የሠሩት። ድሮ አውቶቡስ ሲሳፈሩ አጠገባቸው ያለው ወንበር ባዶውን ይሄድ እንደነበር ራሳቸው እየሳቁ ያወሩታል። «ሰው ተጋፍቶ ሲሄድ እኔ ተንሰራፍቼ!» ይላሉ። ጭምት ናቸው፤ የተሰጣቸውን በልተው፣ የልጅ ልጆቻቸውን እርሳስ ቀርጸው፣ በጊዜ ይተኛሉ።

በቃ፣ ተገኘ አለች በልቧ። ለባሏም እንዲሁ አለችው።

«አባትህ ናቸው።»

«አባዬ ምን ሆነ?»

«የሚሸቱት እሳቸው ናቸው። እኔ እንደሆነ ሽታ ላይ አልሳሳትም። የአሮጌ ሰው ገላ ሽታ ነው፣ ከዚያ ከፋብሪካው ጋር ተደባልቆ።»

ባሏ ጆሮውን አከከ። «ነገ አነጋግረዋለሁ።»

ነገ መጣ፣ ነገ ሄደ። ሐሙስ ዕለት እሷው ጥርሷን ነክሳ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«አባባ፣ እንግዲህ ቅር እንዳይልዎት። ቤቱ ትንሽ… ሽታ አለው። ልብስዎንና አንሶላዎን ቶሎ ቶሎ ብናጥበው፣ ገላዎንም…»

ሽማግሌው እርሳሱንና ምላጩን አስቀመጡ።

«እኔ ነኝ እንዴ?»

«ይመስለኛል።»

«እኔ እንጃ ልጄ፤ የኔ አፍንጫ ከሞተ ቆይቷል። ፋብሪካው ነው የበላው። አንቺ ካልሽ ግን ነው፤ ሥራሽ አይደል?» አሉና እንዳጠፋ ተማሪ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ሰበሰቡ።

ከዚያ ወዲያ ያልተደረገ ነገር የለም። ልብሳቸው በሳምንት ሦስት ጊዜ ፍል ውሃ ውስጥ ገባ፤ ያለቻቸው አንድ ሹራብ ተጨማዳ ለሕፃን የምትሆን አከለች። ፍራሻቸው ፀሐይ ላይ ተሰጣ። ሳሎኑ በበረኪና ተወለወለ፣ መስኮቱ ተከፍቶ ዋለ፣ በዚህ ምክንያት ለሁለት ሦስት ቀን ሽታው ቀዝቀዝ ሲል «አየህ?» አለችው ባሏን፣ እንዳሸነፈ ሰው። ሽታው በአራተኛው ቀን ብሶበት ሲመለስ ግን ትዕግሥቷ አለቀ። ሽማግሌው ከጓሮ ወዳለችው ዕቃ ማስቀመጫ ክፍል ይዛወሩ ተባለ፤ መሰላሉና ያላለቁት የቀለም ቆርቆሮዎች ወዳሉበት።

«ለጊዜው ነው አባዬ» አለ ልጃቸው አንድ ታጣፊ አልጋ ሲያስገባ። ወደ መሬት እያየ ነበር የሚናገረው።

«ምን ቸገረኝ፣ ጥሩ ክፍል ናት» አሉ።

ምግባቸውም ወደዚያው መሄድ ጀመረ። ይህን ማንም አላዘዘም፤ አንድ ቀን እራት ላይ ባለመምጣታቸው በሳህን ተላከላቸው፣ በነጋታውም ተላከ፣ ከዚያ ልማድ ሆነ። ሳህኑ ሲመለስ ለብቻው ይታጠባል። ሴትዮዋ ስትነካው ትንሽ ይዘገንናታል።

«እማዬ፣ አያዬ ለምንድን ነው ከእኛ ጋር የማይበላው?» አለች ትልቋ ልጅ።

«ትንሽ አሟቸው ነው። ብዪ ዝም ብለሽ።»

ሽታው ግን የትም አልሄደም። ሽማግሌው ከወጡ በኋላ እንዲያውም ሰፋ፤ ኮሪደሩን ያዘ፣ መጋረጃ ውስጥ ገባ። «ግድግዳው ውስጥ ሰርጾ ቀርቷል» አለች። ይህን እየተናገረች እንኳ ነገሩ አልገጠመላትም፤ ነገር ግን የሚታጠብ ልብስ ነበር፣ የሚተኮስ ነበር፣ ትንሹ ልጅ ጉንፋን ይዞት ነበር። ሐሳቡን ለመጨረስ ጊዜ አላገኘችም።

ሽማግሌው ዕቃ ቤት በገቡ በሁለተኛው ቅዳሜ፣ ቁርስ የተበላበትን ዕቃ እያጠበች፣ በረኪና ለማንሳት ከሲንኩ ሥር ያለውን ካቢኔት ከፈተች። ሁልጊዜ ከፊት ለፊት ያለውን ዕቃ አንስታ መዝጋት ነው፤ ወደ ውስጥ ጎንበስ ብላ ያየችበትን ቀን አታስታውስም። የዚያን ቀን ጠርሙሱ ከጥግ ነበር። ክንዷን እስከ ትከሻዋ አስገብታ ስትደገፍ የካቢኔቱ ወለል ድምፅ እንኳ ሳያሰማ ሟሸሸ። እጇ ሰመጠ። ለብ ያለ፣ የሚያዳልጥ፣ ጥቅጥቅ ያለ ነገር ውስጥ እስከ አንጓዋ ገባ፤ ጣቶቿ መካከልም አንድ ነገር ተላወሰ።

ጩኸቷ ጓሮ ድረስ ተሰማ።

እጇን ስታወጣ ግራጫ ነገር ተንጠባጠበ። በሳሙና ሦስቴ ታጠበችና፣ የባሏን ባትሪ አምጥታ፣ አፍንጫዋን በሻርፗ አስራ ተንበረከከች። ከሲንኩ የሚወርደው የፍሳሽ ቱቦ መገጣጠሚያው ላይ ተሰንጥቋል። ስንጥቁ በፌስታል ተጠቅልሎ በጎማ ቁራጭ ታስሯል፤ ፌስታሉ ከተቀደደ ቆይቷል። ከዚያ የሚወርደው እጣቢ ሁሉ፣ የስንት ወር ቅባት፣ የስንት ወር ትርፍራፊ፣ ከጣውላው ሥር ተጠራቅሟል። ጣውላው ውሃ ውስጥ እንደቆየ ዳቦ አብጦ ተፈረካክሷል። ከላይ ነጭ የቅባት ቅርፊት ረግቶበታል፣ ቅርፊቱ ሥር ትሎች እንደ ፈላ ሩዝ ይተራመሳሉ፣ ጥጉ ላይ ደግሞ ጠጉራቸው የተላጠ ሦስት አይጦች እርስ በርስ ተጣብቀው ሞተዋል። እርጥበቱ ወደ ኋላ ሄዶ ግድግዳውን ጠጥቶታል። ከግድግዳው ወዲያ የሽማግሌው ሶፋ ያለበት ቦታ ነው።

የበላችውን እዚያው ባልዲው ውስጥ መለሰችው። ሲወጣላት ያ ጣፈጥ የሚለው ሽታ ከትውከቷ ጋር ተቀላቅሎ እንደገና ገባባት፤ እንደገና አስመለሳት።

ባሏ በሩ ላይ ቆሞ ያያል።

«ማነው ይሄን ያሰረው?» አለችው አፏን እየጠረገች።

«እኔ ነኝ… ለጊዜው ብዬ ነው እኮ። ውሃ ሲያንጠባጥብ ጊዜ… ነገ ቱቦ እገዛለሁ ብዬ…»

«መቼ?»

ባሏ ጣቱን ቆጠረ። «አባዬ ሊመጣ ሰሞን።»

«እና ቤቱ ሲሸት ትዝ አላለህም?»

«ትዝ…» ብሎ ቆመ። ፊቱ ቀላ። «አንድ ቀን ትዝ ብሎኝ ነበር። አንቺ ግን አባትህ ናቸው ስትዪ፣ እንግዲህ እሱ ነው አልኩ።»

ይህን ስትሰማ ከትሎቹ ይልቅ እሱ አስጸየፋት። ያ ትልቅ ሰው፣ ያ መልካም ፊቱ፣ ኪሱ ውስጥ የተከተተ እጁ። አባቱን ዕቃ ቤት ሲያስገባ ይህንን ያውቅ ነበር፤ ባያውቅም ሊያውቅ ይችል ነበር። የምትሰድብበት ቃል ስትፈልግ ግን አፏ ላይ የመጣው ቃል መልሶ ራሷን ወጋት። «ሽታ ላይ አልሳሳትም» ያለችው ማን ሆነችና!

«ጓንት የለም» አለችው። «በእጅህ ታወጣዋለህ። ነገ እንዳትለኝ።»

አላለም። እጅጌውን ሰብስቦ ተንበረከከ። ሁለቴ ወደ ውጭ ሮጦ ሁለቴ ተመለሰ፤ አይጦቹን ሲያነሳ እንደ ሕፃን አለቀሰ። አላዘነችለትም።

እሷ ወደ ጓሮ ሄደች። የዕቃ ቤቱ በር ገርበብ ብሏል። ሽማግሌው ከአልጋቸው ጫፍ፣ የቀለም ቆርቆሮ ላይ የተቀመጠ ሳፋ ፊት ቁጭ ብለዋል፤ ደረታቸው ራቁቱን ነው። በእጃቸው የድስት መፈተጊያ ሽቦ ይዘው ክንዳቸውን ይፈትጋሉ። ክንዳቸው ከአንጓው እስከ ብብታቸው ተልጦ ቀይ ሆኗል፤ ቦታ ቦታው ላይ ደም ጤዛ መስሎ ተንጠባጥቧል። አንገታቸውም እንዲሁ ነው።

«አባባ! ምን እያደረጉ ነው?»

ደንግጠው ሸሚዛቸውን ጎተቱ። «አይ፣ ምንም። ሳሙናው ብቻውን አልችለው ሲል ጊዜ ነው። ይሄ ቆዳ ነገር ሲዘፈዘፍ ወደ ሰውም ይገባል መሰለኝ።» ቀና ብለው አዩዋት። «ትንሽ ቀነሰ?»

ጉሮሮዋ ውስጥ የቀረው የትውከት ምሬት አፏን ሞላው። በእጇ ሳህናቸውን ለብቻው ያጠበችበት፣ ፊቷን አዙራ አንሶላቸውን በጣቷ ጫፍ ያነሳችበት ቀን ሁሉ መጣባት። ራሷን ከራሷ አውልቃ ብትጥል ደስ ባላት ነበር።

መሬቱ ላይ ተቀመጠች። ሽቦውን ከእጃቸው ወሰደች።

«እርስዎ አልነበሩም» አለች። «ከሲንኩ ሥር ቱቦ ተሰብሮ ነው። እርስዎ ከመምጣትዎ በፊት ጀምሮ። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት።»

ሊቆጡ ነው ብላ ጠበቀች፤ ቢቆጧት በወደደች።

«እርግጠኛ ነሽ?» አሉ።

«በእጄ ነካሁት።»

«እኔ ደግሞ…» አሉና ክንዳቸውን አዩት። «እኔ ደግሞ ሚስቴ አርባ ዓመት እንዴት ችላኝ ኖረች እያልኩ ነበር።» ከዚያ በኋላ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ሰኞ ዕለት ቧንቧ ሠራተኛ መጣ። ቱቦውን ቆርጦ በአዲስ ቀየረ፤ የካቢኔቱ እንጨት ተነቅሎ ወጣ፤ ግድግዳው ተፍቆ እስኪደርቅ ኩሽናው ክፍት ሆኖ ከረመ። ባልየው ከሥራ መልስ የበሩን እጀታ ገጠመ፣ መስታወት አስገባ፤ ማንም አላመሰገነውም፤ እሱም ምስጋና አልጠበቀም።

ሽማግሌው ግን ቶሎ አልተመለሱም። «እዚህ ለምጄዋለሁ» እያሉ ሦስት ቀን ቆዩ። በአራተኛው ቀን ትልቋ ልጅ ትራሳቸውን ተሸክማ ሳሎን ወሰደችባቸው፤ ያለ ትራስ እንቅልፍ ስለማይወስዳቸው ተከትለዋት ገቡ።

ያን ማታ እራት ላይ ሴትዮዋ ማንኪያዋን አስቀምጣ፣ ልጆቹ ባሉበት፣ ሽታው የአያታቸው እንዳልነበር፣ እሷ በሐሰት እንደፈረደችባቸው ተናገረች። ሽማግሌው አፍረው «በሉ፣ ብሉ፣ ምግቡ ቀዘቀዘ» አሉ።

ክንዳቸው እስኪድን ሃያ ቀን ፈጀ። ቅባቱን የምትቀባቸው እሷ ነበረች፣ በየዕለቱ ከሥራ ስትመለስ። እሳቸው እጃቸውን ከመዘርጋታቸው በፊት በየቀኑ «እንዳይሸትሽ» ይላሉ፤ እሷም በየቀኑ «አይሸትም አባባ» ትላለች፣ ቁስሉን እያየች።