ብርጭቆው ያረፈበት

«ያ የወንድሜ ጆሮ ክላክስ ሳይሰማ ቀረ ብሎ የሚያምን ካለ እጁን ያውጣ» አለ የሟቹ ታናሽ ወንድም።

በጭነት መኪና ሸራ ጥላ ሥር የተቀመጡት ለቀስተኞች አንገታቸውን ነቀነቁ እንጂ እጁን ያወጣ አልነበረም። የሟቹ ሚስት ይህንኑ ጥያቄ በሦስት ቀን ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሰማች መቁጠር ትታለች። የያዘችው ሻይ ከቀዘቀዘ ቆይቷል።

ቤቱና ጋራዡ በአንድ ግቢ ውስጥ ስለነበሩ ሐዘኑም የተቀመጠው በሥራው መካከል ነበር። ወንበሮቹ በዘይት በጠቆረ ሲሚንቶ ላይ ተደርድረዋል፤ ከጀርባቸው ሞተራቸው የወጣ ሁለት የመስክ መኪኖች ኮፈናቸውን እንደከፈቱ ቆመዋል። ከመካከል ደግሞ ያ የጭነት መኪና አለ። ወደ ኋላ ሲመለስ ባሏን ከገጨበት ሰዓት ጀምሮ ማንም አላንቀሳቀሰውም፤ ከኋላ ጎማዎቹ ሥር ትራፊክ ፖሊሱ በጠመኔ ያሰመረው መስመር በለቀስተኛ ጫማ ግማሹ ጠፍቷል።

ሹፌሩ ከግቢው በር አጠገብ ባለቀ ጎማ ላይ ይቀመጣል። በየማለዳው ይመጣል። «ግባ» የሚለው የለም፣ «ውጣ» የሚለውም የለም። የሻይ ትሪው እሱ ዘንድ ሊደርስ ሲል ይመለሳል።

«ፊቱን እንዴት አድርጎ ነው የሚመጣው?» አሉ የባሏ አክስት ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብለው።

«ሁለት ጊዜ ነፋሁ ይላል እኮ» አለች ጎረቤቷ።

«ነፋሁ ማለት ማንን ያቅታል፣ ልጄ።»

ወንድምየው ንግግሩን አልጨረሰም ነበር። እሱም መካኒክ ነው፤ ከዚሁ መንገድ ማዶ የራሱ ጋራዥ አለው። «ትናንት ራሴ መረመርኩት። ክላክሱ ደህና ነው። ፊውዙ ደህና፣ ሽቦው ደህና። ክላክሱ ደህና ከሆነና ወንድሜ ካልሰማ፣ የሰውዬው እጅ አልነካውም ማለት ነው። ነገ ጠዋት ትራፊኩ የቤተሰብ ቃል ሊቀበል ሲመጣ የምሰጠው ይህንኑ ነው።»

«ከዚያስ?» አለ አንዱ።

«ከዚያማ ይታሰራል። ሠራተኞቹ ከኋላ ብረት ሲሞርዱ ስለነበር አንዳቸውም የሰሙት የለም። የቀረው የእኛ ቃል ብቻ ነው።»

እሷ ግን ክላክሱን ሰምታዋለች። ሁለት ጊዜ፣ አጭርና አጭር፣ ከተዘጋው የመኖሪያ ቤቷ በር ጀርባ ቁጭ ብላ በገዛ ጆሮዋ ሰምታዋለች። በመጀመሪያው ቀን ወንድምየውን ጠርታ ነግራውም ነበር። እሱ ግን ትከሻዋን ይዞ «ሐዘን ነው፣ እትዬ። ሐዘን ብዙ ነገር ያሰማል» አላት፤ ከዚያም ውኃ እንዲያመጡላት አዘዘ። ውኃ! እሷ ቃል ስትሰጠው እሱ ውኃ ሰጣት። ከዚያ ወዲህ አፏን በከፈተች ቁጥር አንድ ሰው ውኃ ይዞላት ይመጣል።

እውነቱን ለማስረዳት ደግሞ አንድ መንገድ ብቻ ነበር፤ ያም መንገድ በባሏ ስም ላይ የሚያልፍ ነበር።

ሰዎች «ባለጆሮው» ይሉት ነበር። ሦስት ጋራዥ ዞሮ መፍትሔ ያጣ መኪና እሱ ዘንድ ይመጣል፤ እሱም ሞተሩን አስነስቶ ጥቂት ይቆምና ጣቱን ይቀስራል። ሌሎቹ መካኒኮች በግምት ዕቃ ሲቀያይሩ ይውላሉ። እሱ ግን «ዕቃ ከመቀየርህ በፊት መስመሩን ጨርስ» ይላል። መብራቱ እምቢ ካለ አምፖሉን ብቻ አትርገም፤ ከባትሪው ተነስተህ በፊውዙ፣ በማብሪያው፣ በሽቦው አድርገህ መጨረሻው ድረስ ሂድ፤ መካከል ላይ ያልነካኸው አንድ ነገር ካለ ጥፋተኛው እሱ ሊሆን ይችላል።

ከሰባት ዓመት በፊት አንድ ረፋድ ላይ፣ የሞተሩ ቀበቶ፣ ቺንጊያው፣ የላላበት የመስክ መኪና እንደሚታረድ ከብት እየጮኸ ገባ። ጎረቤቶች መስኮት ዘጉ። ባሏ ግን ኮፈኑን ከፍቶ ባለመኪናውን በእርጋታ «ችግሩ ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀው። ሰውዬው ቀልድ መስሎት ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ምሳ ላይ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ፣ አፏን በእጇ ሸፍና፣ በደህና ድምፅ «ጨው አቀብለኝ» አለችው። ዝም ብሎ መብላቱን ቀጠለ። እጇን ከአፏ ላይ ስታነሳ አየና ማንኪያውን አስቀመጠ።

«ቀጭን ቀጭኑ ድምፅ ነው የጠፋብኝ» አላት። «ወፍራሙን እሰማለሁ። ሠላሳ ዓመት ከሞተር ጋር ስጮህ ኖሬ ምን ልሁን? አንድ ሰው ካወቀ ግን አለቀልኝ። ደንቆሮው መካኒክ ሲሉኝ መስማት አልፈልግም።» ትንሽ አሰበና ሳቀ። «ለነገሩ አልሰማቸውም።»

ዘዴውን የፈጠሩት አብረው ነው። ከአሮጌ የጭነት መኪና የተፈታ የሹፌር ወንበር በቤቱ ደጃፍ ላይ አኖረላት። ሹራቧን እየሠራች ትቀመጣለች፤ መኪና ሲገባ ታዳምጣለች። ከዚያ ሻይ ይዛለት ትሄድና ብርጭቆውን ከመኪናው ላይ ታኖረዋለች። ብርጭቆው ያረፈበት ቦታ ጥፋቱ ያለበት ነው። ደንበኞች «እንዲህ የምትንከባከብ ሚስት ከየት አመጣህ?» ይሉታል፤ እሱም «ሻዩ ነው የሚያሠራኝ» ይላል፤ ይስቃሉ።

ቀስ በቀስ ጆሮዋ ተማረ። የግቢው መግቢያ ወደ ግራ ይታጠፋል፤ አንድ መኪና እዚያ ላይ ሲደርስ እምምታው ከጨመረ፣ ክብደቱ የተጫነበት የቀኙ ጎማ መሽከርከሪያ ቀለበት፣ ኩሽኔታው፣ ተበልቷል። ሲነሳ ጠቅ ጠቅ ብሎ ሲሞቅ ዝም የሚል ሞተር ጭሱ በብረቶቹ መካከል ባለው ማሸጊያ፣ በጓርኒሲዮኑ፣ ስንጥቅ እያመለጠ ነው። ማርሹ ከፊት ወደ ኋላ ሲቀየር ከሆዱ ሥር «ዱብ» የሚል መኪና፣ ኃይሉን ከካምቢዮው ወደ ኋላ ጎማ የሚያደርሰው ዘንግ መጋጠሚያ፣ ክሮቼራው፣ ልል ሆኗል።

እሱም የራሱን ዘዴ አበጀ። ረጅሙን ካቻቢቴ ሞተሩ ላይ ተክሎ እጀታውን በጥርሱ ይነክሳል፤ ጆሮው ያጣውን ከአጥንቱ ይፈልጋል። ያዩት ግን የተለየ ጥበብ መሰላቸው። ዓመት ሳይሞላ በመንገዱ ያሉ መካኒኮች ሁሉ ካቻቢቴ መንከስ ጀመሩ። ወንድሙ ሳይቀር ይነክስ ነበር። አንዱ የፊት ጥርሱን ሰብሮ «ገና አልተገለጠልኝም» አለ እየተባለ ተሳቀበት። ባልና ሚስቱም ቤታቸው ገብተው እንባቸው እስኪፈስ ስቀዋል።

ኋላ ግን ሳቁ አለቀ። ወፍራሙም ድምፅ ሄደ። ከመንገድ ማዶ እየጠራችው ሳይዞር ሲሄድ እየሮጠች ደርሳ ክንዱን ትይዘው ጀመር። «የመስሚያ መሣሪያ አድርግ» ብላ ለመነችው፤ እምቢ አለ። ለወንድምህ እንኳ ንገረው አለችው፤ እምቢ አለ። ግድግዳን መለመን ይሻል ነበር፤ ግድግዳ ቢያንስ «ሻይ አምጪልኝ» ብሎ ነገር አይለውጥም።

በሞተበት ዕለት ጠዋት ነው የመረራት። «ዛሬ አልቀመጥልህም» አለችው፣ ከንፈሯን እንዲያነብ ቃሉን እየጎተተች። «ወይ ተናገር፣ ወይ መሣሪያውን አድርግ። ያለዚያ ሻይህን ራስህ አፍላ።» ገብታ በሩን ዘጋች። የጭነት መኪናው ሲገባ ሰማች። ክሮቼራው ሲመታ ሰማች። ይምጣና ይጠይቀኝ ብላ ሹራቧን አነሳች። ክላክሱ ሁለት ጊዜ ሲነፋ ሰማች። ከዚያ የሰው ጩኸት ሰማች።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ትራፊክ ፖሊሱ መጣ። ወረቀቱን በጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ወንድምየውን «ይቀጥሉ» አለው።

«ወንድሜ በዚህ ከተማ ባለጆሮው የሚባል ሰው ነው» ብሎ ጀመረ ወንድምየው። «ክላክሱ እንደሚሠራ አረጋግጫለሁ። ስለዚህ—»

«መስመሩን አልጨረስክም» አለች የሟቹ ሚስት።

ሁሉም ዞሩ። አክስቲቱ «ውኃ አምጡላት» አሉ።

«ውኃ አልፈልግም።» ወደ ወንድምየው ተራመደች። «ክላክሱን አየህ፣ ፊውዙን አየህ፣ ሽቦውን አየህ። ከክላክሱ ወዲህ ያለውን ጆሮ ግን አልነካኸውም። ክላክሱ ሁለት ጊዜ ሲነፋ ሰምቻለሁ፤ ወንድምህ ግን አይሰማም ነበር። ጆሮው መጥፋት ከጀመረ ሰባት ዓመቱ ነው።»

ወንድምየው ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ልመና እንጂ ቁጣ አልነበረውም። «እትዬ፣ እሱን ቀብረነዋል። ስሙን ደግሞ አንቺ ልትቀብሪው ነው?»

«በሕይወት ያለ ሰው ከምንቀብር ይሻላል።»

ፖሊሱ እስክሪብቶውን አቆመ። «እመቤት፣ ይህ ከባድ ነገር ነው። ማስረጃ አለዎት?»

ረጅሙን ካቻቢቴ ከባሏ መሣሪያ ሣጥን አውጥታ ሰጠችው። የእጀታው ጫፍ በጥርስ ተበልቶ ጎድጉዷል። «ደህና ጆሮ ያለው ሰው ይህን ያህል ለምን ይነክሳል?»

«እኛም እንነክሳለን» አለ ወንድምየው።

«ምን ሰማችሁበት?»

ከለቀስተኞቹ መካከል አንድ መካኒክ መሬት መሬት አየ።

«ሹፌሩ ይህን መኪና እንዲያንቀሳቅሰው ይፍቀዱለት» አለችው ፖሊሱን። «እኔ ጀርባዬን እሰጣለሁ። ሕመሙን በድምፁ ብቻ እነግራችኋለሁ።»

ፖሊሱ ልኬቱን እንደጨረሰ ተናግሮ ፈቀደ። ሹፌሩ ከጎማው ላይ ተነስቶ ወደ መኪናው ሄደና ከመሪው ኋላ ወጥቶ ተቀመጠ። እሷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሞተሩ ተነሳ፤ መኪናው ጥቂት ወደ ፊት ሄዶ ቆመ። ሹፌሩ ወደ ኋላ ከመመለሱ በፊት፣ ማንም ሳያዘው፣ እጁ እንደለመደው ክላክሱን ሁለት ጊዜ ነካ።

አጭርና አጭር። በሸራው ሥር የነበሩት ሁሉ ክው አሉ። አክስቲቱ ደረታቸውን ያዙ። በግቢው ውስጥ ያ ድምፅ የማይደርስበት ቦታ አልነበረም፤ በሕይወት ላለ ጆሮ የማይሰማበት መንገድ አልነበረም።

ማርሹ ተቀየረ። «ዱብ።»

«ክሮቼራው ነው» አለች ለግድግዳው። «መካከለኛው። የኋለኛው ደህና ነው።»

ወንድምየው ሞተሩን አስጠፍቶ፣ ጎማዎቹን በድንጋይ አስደግፎ፣ በለቅሶ ልብሱ ከመኪናው ሥር ገባ። ዘንጉን ሲነቀንቀው ብረት ከብረት ሲጋጭ ተሰማ። ሲወጣ ወዲያው አልተነሳም፤ በቅባት የጠቆሩ እጆቹን እያየ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«መካከለኛው ነው» አለ።

ፖሊሱ ቀድሞ የጻፈውን ሰርዞ ይጽፍ ጀመር።

«ሰባት ዓመት ሙሉ አንቺ ነበርሽ?» አላት ወንድምየው።

«እጁ የእሱ ነበር። ጭንቅላቱም የእሱ ነበር። ጆሮው ብቻ ነው የእኔ።»

«ለእኔ እንኳ አይነግረኝም?»

«ስሙን ከአንተ አብልጦ የሚወድ ሰው አልነበረም፤ ለዚህ ነው ያልነገረህ» አለች። «እኔም ለመንኩት። ብዙ ለመንኩት።»

ለቀስተኞቹ ቀስ ብለው ማውራት ጀመሩ፤ ትሪው ዞረ። እሷ ከትሪው አንድ ብርጭቆ ሻይ አነሳች። እግሮቿ እንደለመዱት ወደ ጭነት መኪናው ወሰዷት። ከኮፈኑ አጠገብ ቆመች፤ በመሃሉ በኩል፣ ክሮቼራው ባለበት አቅጣጫ አለፈች፤ ብርጭቆውን አላኖረችም። የሹፌሩንም በር አለፈች። የቤቷ ደጃፍ ላይ፣ ከአራት ቀን በፊት አልቀመጥም ብላ በተወችው አሮጌ ወንበር ፊት ስትደርስ ጎንበስ አለች፤ ብርጭቆውን በመቀመጫው መካከል አሳረፈችና እጇን ሰበሰበች።

እዚያው ቆማ አየችው።

ሹፌሩ ከመኪናው ወርዶ ከኋላዋ መጣ። ስለ ብርጭቆው የሚያውቀው ነገር አልነበረም። የተንጋደደውን መቀመጫና ያዘነበለውን ሻይ ብቻ ነው ያየው።

«እዚህ ላይ ይደፋል፣ እትዬ» አለና ብርጭቆውን በሁለት እጁ አንስቶ ዘረጋላት።

ተቀበለችው።