የእድሩ መኪና ዳገቱ ሥር

አዶናይ የእድሩን መኪና ቁልፍ ሲረከብ እናቱ ገነቴ ደስ አላላትም። ልጇ መንጃ ፈቃድ ካወጣ ገና ጥቂት ወሩ ነው፤ የተማረባትም ሜዳ ለሜዳ የምትንሸራሸር ትንሽ መኪና ነበረች። የእድሩ ፒክአፕ ግን ያረጀች፣ የሬሳ ሳጥን የምትሸከም፣ ጉልበት የምትፈልግ ናት። ግን ምን ይደረግ፣ ለዓመታት የነዷት ሹፌር ጋሼ ወልደሰንበት ዓይናቸውን ታመው ቤት ዋሉ። በሰፈሩ መንጃ ፈቃድ ይዞ ሥራ የፈታ ደግሞ አዶናይ ብቻ ነበር።

«እማዬ፣ የምጭነው የሞተ ሰው ነው። ባንገጫግጨውም አይቆጣኝም» አላት።

«አፍህን ያዝ! በሙት አይቀለድም» አለችው። ግን ልትተኛ ስትል ተንበርክካ ጸለየችለት።

ሆሳዕና ዳር ያለው የነሱ ሰፈር እድር ኦርቶዶክሱንም ጴንጤውንም ባንድ ላይ የያዘ ነው። በሕይወት ሳሉ ወደየቤተ ክርስቲያናቸው ይለያያሉ፣ ሲሞቱ ባንድ መኪና ይሄዳሉ። መንገዱም አንድ ነው። ሰፈሩን ጨርሶ ባሕር ዛፎቹ ጋ ሲደርስ ረጅም ዳገት ይጀምራል። ዳገቱ ላይ በቀኝ የኦርቶዶክሱ ቤተ ክርስቲያን አጥር፣ በግራ የወንጌላውያኑ መቃብር ነው።

አዶናይ መጀመሪያ የጫነው አባባ ሽብሩን ነበር። ገነቴ የምታመልክበት ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነበሩ፤ ሕዝቡ ብዛቱ ለጉድ ነው። መዘምራኑ ከፊት እየዘመሩ፣ ሴቶቹ ተከትለው፣ መኪናዋ መሀል፣ ወንዶቹ ከኋላ። የእድሩ ዳኛ አቶ መልካሙ በሹፌሩ መስኮት በኩል እየተራመዱ፣

«ቀስ! ሰው ላይ እንዳትወጣ!» ይላሉ። ልጁ ሊያቆም ሲል ደግሞ፣ «ኧረ አታቁም! ሬሳ መንገድ ላይ ይቆማል እንዴ?»

ሜዳውን እንደምንም አለፈው። ዳገቱ ላይ ግን ሰው በእግሩ ነው የሚሄደው፣ ያውም ልቡ የተሰበረ ሰው። መኪናዋ ከለቀስተኛ አትቀድምም፣ እንዳትቆም ደግሞ ተከልክላለች። ልጁ ሞተሩ ቢጠፋ ወደኋላ ተንሸራትቼ ወንዶቹን እጨርሳለሁ ብሎ ፈራ። ስለዚህ በግራ እግሩ የፍሪሲዮኑን ፔዳል ከግማሽ ላይ ይዞ፣ በቀኝ እግሩ ነዳጅ እየሰጠ፣ መኪናዋን አየር ላይ እንዳለች ዕቃ አንጠልጥሎ ዳገቱን ተያያዘው።

ሽታውን መጀመሪያ ያወቀችው ገነቴ ናት። ጸጉርና ጎማ ባንድ ላይ የተቃጠለ የሚመስል ሽታ። ከዚያ ከመኪናዋ ሥር ጭስ ወጣ። ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው አይዞርም። መኪናዋ ወደኋላ ማለት ስትጀምር ወንዶቹ እየተጯጯሁ ጎማው ሥር ድንጋይ ወረወሩ። መዝሙሩ ተቋረጠ። ሳጥኑን እየተንገዳገዱ አውርደው በትከሻ ተሸከሙት። የአባባ ሽብሩ ልጅ ርብቃ መሬት ላይ ተደፍታ፣

«አባዬ! መኪና እንኳ እምቢ አለህ! ምን አደረግካት?» ብላ ጮኸች።

ይቺ ቃል ሰፈሩን ዞረች። «መኪናው እምቢ አላቸው አሉ» ተባለ። እግዚአብሔርን ሲያገለግሉ የኖሩ ሰው፣ መቃብር አፋፍ ላይ ስማቸው ጠፋ። ርብቃ ከዚያ ቀን ወዲያ ገነቴን ገበያ ላይ ስታያት ፊቷን ታዞራለች።

ጋራዥ ውስጥ መካኒኩ ኤሊያስ ያወጣውን የፍሪሲዮን ሸራ እያገላበጠ አሳያቸው። ጠቁሮ እንደ መስታወት ያብረቀርቃል።

«እንዲህ ያለው ዕቃ ረጋ ያለ እግር ካገኘ ዓመታት ይሄዳል። የጀማሪ እግር ግን ባንድ ዳገት ይጨርሰዋል» አለ።

አቶ መልካሙ ወደ አዶናይ ዞሩ። «አዲሱን ካቃጠልክ ቁልፉን ትመልሳለህ። በዚህ እድር ሁለተኛ ሬሳ አይዋረድም።»

ልጁ ከዚያ ወዲህ እህል አልወስድ አለው። የሰፈሩ ጎረምሶች «ፍሪሲዮን» የሚል ስም አወጡለት። «ፍሪሲዮን፣ ደህና ዋልክ?» ይሉታል። አንድ ቀን ማታ ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠና፣ «እማዬ፣ ራሴ ብመልሰው ይሻላል» አላት።

«ለማን ነው የምትመልሰው? መጀመሪያ ጋሼ ወልደሰንበትን ልጠይቅ» አለችው።

እሑድ ከጸሎት ስትወጣ፣ የኦርቶዶክሶቹ ጾምም ስላልነበረ፣ ቆጮ በአይብ ይዛ ጋሼ ወልደሰንበት ቤት ሄደች። ሽማግሌው ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። ዓይናቸው ባይለያትም ድምጿን አወቁት።

«ገነቴ! የመኪናዬ ገዳይ እናት!»

«ጋሼ፣ አይቀልዱብኝ። ልጄ ሊሞትብኝ ነው።»

«ተቀመጪ። ፍሪሲዮን ያቃጠለ አይሞትም። ቢሆንማ ኖሮ እኔ ገና በወጣትነቴ በተቀበርኩ።» ቆጮውን ተቀብለው ጥቂት ቀመሱ። «ስሚ፣ ኦርቶዶክስ ሲሞት ምዕራፍ አለ። ቄሶቹ ቆም ብለው ይጸልያሉ፣ እኔም እግሬ ያርፋል። እናንተ ጴንጤዎች ግን ከጀመራችሁ አታቆሙም! አንዱን መዝሙር ሳትጨርሱ ሌላው። እኔን የምትፈትኑኝ እናንተ ነበራችሁ።»

«ታዲያ እንዴት ሳይቃጠልብዎት ኖሩ?»

«ባልሽን ይዘን ስንወጣ ከጎኔ አልነበርሽም? ዳገቱ ሥር ምን አደረግኩ?»

ገነቴ አሰበች። ያን ቀን ጋሼ ባሕር ዛፎቹ ሥር ቆሙ። የእጅ ፍሬኑን ሳቡ፣ ማርሹን አወጡ፣ እግራቸውን ከፔዳሉ አንስተው ወለሉ ላይ ዘረጉ፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አደረጉ። ሕዝቡ ጥሏቸው ወደ ላይ ወጣ። ያኔ ጸጥ አለ። ገነቴ ፊቷን ከኋላ ወዳለው ሳጥን አዙራ፣ ባሏ በሕይወት ሳለ ያልነገረችውን ሁሉ ነገረችው፤ ልጆቹን አደራ መቀበሏን፣ የተቀየመችውን ይቅር ማለቷን። መዘምራኑ አናቱ ላይ ሲደርሱ ጋሼ ወልደሰንበት አንደኛ ማርሽ አስገብተው ዳገቱን ባንድ ትንፋሽ ወጡት።

«እንድሰናበተው ብለው መስሎኝ ነበር» አለች፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ለፍሪሲዮኑ ነበር። መጀመሪያ ለፍሪሲዮኑ ብቻ ነበር። ኋላ ሳየው ሰው እዚያች ቦታ ላይ ነው አልቅሶ የሚወጣለት። እና ምን ልበል? ለለቀስተኛ ‹ፍሪሲዮን ላሳርፍ ነው› ይባላል? ዝም አልኩ። ዝም በማለቴ ልጅሽን ጎዳሁት።»

«ምን ልበለው ጋሼ?»

«ፔዳሉ ላይ እግሩን አያሳርፍ። ወይ እስከ መጨረሻው ይጫን፣ ወይ ይልቀቅ። የሚበላው መሀል ላይ ማንጠልጠል ነው። የጀማሪ እግር ይፈራል፣ ከፔዳሉ መላቀቅ አይሆንለትም። ዳገቱ ሥር ቆሞ ሰው ይውጣለት። መልካሙ ይጮኽበታል፤ እኔም ላይ ይጮኽ ነበር። እኔን ሽበቴ አስከበረኝ፣ ለልጅሽ ማን ይመልስለታል?» ከዚያ ፈገግ አሉ። «እኔን ሲጭንማ በምንም እንዳይቸኩል በይው።»

ገነቴ መንዳት አታውቅም። ግን ከማግስቱ ጀምሮ ባዶውን መኪና ይዘው ዳገቱን ሲለማመዱ ከጎኑ ተቀምጣ የግራ እግሩን ትጠብቅ ነበር።

«እግርህ!»

«አንስቼዋለሁ እኮ እማዬ!»

«አላነሳኸውም፣ ጣትህ አለች!»

ጋሼ ወልደሰንበት ያረፉት ክረምቱ ሳይወጣ ነው። ቀኑ ያካፋል። ቄሶቹ በየምዕራፉ ሲቆሙ አዶናይም ይቆማል፣ ሲሄዱ ይሄዳል፤ ሜዳው ላይ አንድም እንከን አልነበረም። ባሕር ዛፎቹ ሥር ሲደርሱ ቄሶቹ እያዜሙ ዳገቱን ያዙ፣ ሕዝቡም ተከተለ። አዶናይ ከኋላ ያሉትን ወንዶች በእጁ ምልክት ሰጥቶ አሳለፋቸው። የእጅ ፍሬኑን ሳበ። ማርሹን አወጣ።

አቶ መልካሙ ጃንጥላቸውን ይዘው እየሮጡ ተመለሱ።

«ደግሞ ተበላሸ?»

«አልተበላሸም ጋሽ መልካሙ። ሰው እስኪወጣ ነው።»

«ሬሳ ጥለን እንሂድ? እኚህን ሰውዬ? ብቻቸውን መንገድ ላይ? ንዳ!»

 ገነቴ ከሴቶቹ መሀል ሆና ልጇን በፊት መስታወቱ አየችው፤ ትከሻው ወረደ፣ ጉልበቱም ከፍ አለ። እግሩ ወደ ፔዳሉ እየሄደ ነው። ነጠላዋን ሰብስባ በጭቃው ተመልሳ ወረደች፤ እጇን የመኪናዋ ጎን ላይ ጣለች።

«ብቻቸውን አይደሉም። እኔ አለሁ።»

«እትዬ ገነቴ፣ እባክሽ ልጅሽን ልታስከብሪ ብለሽ የሰው ሬሳ...»

«ጋሽ መልካሙ፣ እናትዎን ስንቀብር እዚህ ቆመን ነበር። እኚሁ ጋሼ ናቸው ያቆሙት። እርስዎ ይቺ ጎማ ሥር ተንበርክከው ነበር፤ ያሉትን እኔ አልደግመውም።»

 ዝናቡ ጃንጥላው ላይ ይንጠባጠባል። አቶ መልካሙ ጃንጥላውን አጠፉና ካፊያው ራሳቸውን እየመታቸው ቆሙ።

«ጋሼ ወልደሰንበት» አሉ ሳጥኑን እያዩ። «ብዙ ጮኼብዎታለሁ።»

ከዳገቱ ላይ አንዲት ሴት ተመልሳ ስትወርድ ታየች። ርብቃ ነበረች። ማንንም ሳታናግር መጥታ ከገነቴ አጠገብ ቆመች፣ ግንባሯን እርጥቡ ብረት ላይ አስደግፋ፣ «አባዬ» አለች። ሳጥኑ ውስጥ ያሉት አባቷ አልነበሩም። ገነቴ ግን ገባት። ያን ቀን መኪናዋ እዚህ ቦታ ሳትቆም ስላለፈች፣ ለአባቷ ሳታለቅስ የቀረችውን ነው አሁን የምታለቅሰው። እጇን ትከሻዋ ላይ ጣለችላት። ርብቃም አላወረደችውም።

«እኔ ነኝ የጎዳሁሽ እህቴ፣ አላወቅኩም ነበር» አለ አዶናይ ከውስጥ።

ርብቃ ቀና አለች። «አሁን አውቀሃል። ቀስ ብለህ ውሰዳቸው» አለችው።

የቄሶቹ ዜማ አናቱ ላይ ደረሰ። መንገዱ ባዶ ሆነ። አዶናይ ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻው ረገጠ፣ አንደኛ አስገባ፣ ፔዳሉን እየለቀቀ ነዳጅ ሰጠ፣ የእጅ ፍሬኑንም ለቀቀ። መኪናዋ አንዴ ሳብ አለችና ተነሳች። ከዚያ ሳትዘገይ፣ ሳትጮኽም፣ ዳገቱን ወጣች።

ገነቴ ከርብቃና ከአቶ መልካሙ ጋር በእግሯ ተከተለች። እግሩን ማየት አትችልም። ስለዚህ አየሩን በረጅሙ ሳበች። የዝናብ መሬትና የባሕር ዛፍ ቅጠል ሸተታት፤ ሌላ ምንም አልሸተታትም።